ከጎንደር ሞያሌ በሳይክል፣ ለጊዜው በወረቀት

ኢትዮጵያን በሳይክል ማቋረጥ ያማረው ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ኪሎ ሜትር መደመር ነው። ከጎንደር ባሕር ዳር 180 ገደማ፣ ከባሕር ዳር በደብረ ማርቆስ አድርጎ አዲስ አበባ 550 ገደማ፣ ከአዲስ አበባ ሞያሌ ደግሞ 770 ገደማ። ሲደመር 1,500 ይሆናል። በቀን 75 ቢነዳ ሃያ ቀን ነው፤ ዕረፍት ሲታከልበት የአንድ ወር ፈቃድ ይበቃል። ወረቀት ላይ እንዴት ያምራል! ይህን ስሌት ግን የዓባይን በረሃ በፔዳል ለወጣ ሰው ብታሳዩት ከልቡ ይስቃል።

ቢስቅም አይፈረድበትም። ከደጀን ጎሐ ጽዮን 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሁለቱ ከተሞች ወደ 2,500 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ ሸለቆውን መሃል አድርገው ማዶ ለማዶ ተቀምጠዋል፤ ድልድዩ ያለው ግን 1,000 ሜትርን ብዙም ባላለፈ ከፍታ ላይ ነው። እንግዲህ 1,400 ሜትር ያህል ቁልቁል ወርዶ፣ ወንዙን ተሻግሮ፣ የወረዱትን ያህል መልሶ መውጣት ነው። በአውቶቡስ ከሆነ ጆሮ ድፍን ክፍት ሲል ያልቃል። ጓዝ በተጫነ ሳይክል ግን ቀኑን ይበላዋል።

ቁልቁለቱ ዕረፍት ይመስላል፤ አይደለም። አፈሩ ስለሚንሸራተት አስፋልቱ በየቦታው ተጣጥፏል። የከባድ መኪና ጎማ ያሰመጠው ቦይ የሳይክሉን የፊት ጎማ ከያዘ በገዛ መንገዱ ወደ ዳር ይወስዳል፤ ዳሩ ደግሞ ገደል ነው። ፍሬን ጨብጦ ሳይለቅ የሚወርድ ሰው ቸርኬው ይግላል፣ የጋለ ቸርኬ ደግሞ ካላማደሪያ ያፈነዳል። ስለዚህ ያዝ ለቀቅ፣ ያዝ ለቀቅ እያደረጉ መውረድና በየመታጠፊያው ቆም ብሎ ብረቱን በጣት ጫፍ ነካ ማድረግ ነው። ጣት የማያስቀምጥ ከሆነ ቁጭ ብሎ ዝንጀሮ ማየት ይሻላል። ዝንጀሮ እዚያ ሞልቷል። ከአራት ቦርሳ ዳቦ ያለበትን ለይቶ የሚያውቀው በምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልገባኝም። ድልድዩ ጋ ጥበቃ ስላለ ስልክ አውጥቶ ፎቶ ማንሳት አይመከርም፤ ውኃ ጠጥቶ ማለፍ ነው።

ሽቅቡ ሲጀምር በአንደኛ ማርሽ እያቃሰተ የሚወጣ ሲኖትራክ ከሳይክሉ እምብዛም አይፈጥንም። ጥሎ አይሄድ፣ ወደ ኋላ አይቀር፤ ጭሱን ግማሽ ሰዓት ሙሉ ትምጋላችሁ። የአካባቢው ወጣቶች የኋላውን ብረት ይዘው ሲጎተቱ አይቻለሁ። እኔ ነፍሴን እወዳታለሁ። ሙቀቱም አለ። ከፍታ በ100 ሜትር በቀነሰ ቁጥር አየሩ ከግማሽ ዲግሪ በላይ ይሞቃል፤ ደጀን ላይ ጃኬት ለብሶ የተነሣ ሰው ድልድዩ ጋ ሲደርስ ስምንት ዘጠኝ ዲግሪ የሚበልጥ ሙቀት ይቀበለዋል፣ ፀሐይዋ ከፍ ማለቷ ሳይቆጠር። ትልቁ ዳገት የሚጀምረው ከዚያ ነው። ዕቅዴ ላይ ለዚህ ቀን የጻፍኩት ኪሎ ሜትር ሳይሆን ሰዓት ነው፦ ሊነጋጋ ሲል በ12 ሰዓት ከደጀን መነሣት፣ 2 ሰዓት ሳይሞላ ድልድዩን ማለፍ፣ እኩለ ቀን ላይ ጥላ ያለበት ቦታ መቀመጥ፣ ቀሪውን ከ9 ሰዓት በኋላ መጨረስ።

ከዓባይ የተማርኩትን ይዤ ለመላው መንገድ ከኪሎ ሜትሩ ዓምድ አጠገብ «ሽቅብ» የሚል ሌላ ዓምድ ጨመርኩ። ጓዝ በያዘ ሳይክል በቀን 1,000 ሜትር ሽቅብ ይበቃኛል፤ 1,200 የጉራ ነው። በዚህ መለኪያ አገሪቱ ሌላ ቅርጽ ያዘች። ከአዲስ አበባ ሐዋሳ 275 ኪሎ ሜትር ነው፤ ነገር ግን ከ2,350 ሜትር ገደማ ተነሥቶ ሞጆ ድረስ ይወርድና ከዚያ ወዲያ በስምጥ ሸለቆው ወለል ላይ ይሄዳል። ባቱ 1,640 አካባቢ፣ ሐዋሳ 1,700 አካባቢ ናቸው። ሦስት ቀን በደስታ። ከሐዋሳ ሀገረ ማርያም ያለው መንገድ በኪሎ ሜትር ከዚያ ያንሳል፤ በሽቅብ ግን የትየለሌ ይበልጠዋል፤ ከጉብታ ወርዶ ጉብታ መውጣት ነው። ፈጣን መንገዶቹን በተመለከተ፣ ሳይክል አይገባባቸውም፤ እኔ በግሌ ደስ ብሎኛል። የሚቸኩለው መኪና ወደዚያ ሲሄድ በቢሾፍቱና በሞጆ የሚያልፈው አሮጌው መንገድ ለእኛ ትንሽ ተንፍሷል።

አየሩን በከፍታ መክፈል የማንም ጂኦግራፊ አስተማሪ ፈጠራ አይደለም፤ ገበሬው ከጥንት ጀምሮ የሚያውቀው ነው። እስከ 500 ሜትር በረሃ፣ እስከ 1,500 ቆላ፣ እስከ 2,300 ገደማ ወይና ደጋ፣ እስከ 3,200 ደጋ፣ ከዚያ በላይ ውርጭ። ከዳሎል ዝቅተኛ ቦታ፣ ከባሕር ወለል በታች 125 ሜትር ገደማ፣ እስከ ራስ ዳሸን ከ4,500 ሜትር በላይ ድረስ ሁሉም በአንድ አገር ውስጥ ነው። የእኔ መስመር ሁለቱን ጫፎች አይነካም፤ በረሃም ውርጭም የለበትም። መሃሉን ሦስቱን ግን ደጋግሞ ያቋርጣል፤ አንዳንዴም በአንድ ቀን ውስጥ። ልብስ መያዝ ላይ ያለው ጣጣ ይህ ነው። አውሮፓ ወይም አሜሪካ የሚነዳ ሰው ለወቅቱ ይለብሳል፤ እኛ የምንለብሰው ለሰዓቱ ነው።

ወቅት ደግሞ አንድ ቢሆን ኖሮ መልካም ነበር። አዲስ አበባ ላደገ ሰው ክረምት ማለት ከሰኔ እስከ መስከረም ነው፤ ቀሪው በጋ፣ መሃል ላይ ትንሽ በልግ። ይህን የቀን መቁጠሪያ ይዛችሁ ቦረና ብትወርዱ አይሠራም። እዚያ ዋናው ዝናብ ከመጋቢት እስከ ግንቦት የሚጥለው ነው፤ ሃጋያ የሚሉት አጭሩ ዝናብ ደግሞ በመስከረም መጨረሻ ጀምሮ በጥቅምትና በኅዳር ይጥላል። ጎንደር ላይ ሰማዩ ሲጠራ ያቤሎ ላይ ይደምናል። ጌዴኦ ደግሞ ከሁለቱም ይወስዳል፤ አረንጓዴነቱ ከዚያ ነው። «ለኢትዮጵያ ጥሩው ወር የትኛው ነው?» ብሎ ለሚጠይቅ ሰው ስለዚህ መልስ የለኝም። ጥሩው ነገር ወር ሳይሆን አቅጣጫ ነው፦ ከሰሜን ወደ ደቡብ፣ ዝናቡ ሲሄድ እየተከተሉ።

እንዲህ አድርጌ አስቀመጥኩት። ክረምቱ ወጥቶ መንገዱ ሲደርቅ በጥቅምት አጋማሽ ከጎንደር መነሣት፤ ኅዳር መግቢያ ላይ አዲስ አበባ፤ ኅዳር መጨረሻ ሐዋሳ፤ ሃጋያው ካባራ በኋላ ታኅሣሥ ሲገባ ቦረና። አዲስ አበባ ላይ የምቀመጥበት ጊዜ ረዘም ይላል፤ እሱም ቤተሰብ ለማየት ብቻ አይደለም፣ ደቡቡ እስኪደርቅ ነው። ተቃራኒውን፣ ከሞያሌ ተነሥቶ ወደ ሰሜን መውጣትን፣ የካቲት ላይ ለሚጀምር ሰው አልከለክልም። መጋቢት ላይ ከያቤሎ ሳይወጣ የቀረ ግን ጭቃውን ለራሱ ይቻለው።

ይህ ምርጫ ሁለት ዋጋ አለው። አንደኛው ብርድ ነው። «በጥቅምት አንድ አጥንት» የተባለው በከንቱ አይደለም፤ ደመና የሌለው የደጋ ሌሊት ይቆነጥጣል፤ ደብረ ማርቆስም ሱሉልታም ከ2,400 ሜትር በላይ ናቸው። ጠዋት ላይ ጓንት የሌለው እጅ ፍሬን አይጨብጥም። ሁለተኛው ወባ ነው፤ እሱን ብዙ ሰው ይረሳዋል። ከ2,000 ሜትር በታች ባለው አገር ወባ የሚበረታው ክረምቱ ካለፈ በኋላ፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ነው፤ መንገዱ ለሳይክል የሚያምርበት ወቅት ማለት ነው። ደጋ የኖረ ሰው ደግሞ ምንም መከላከያ የለውም። አጎበር ክብደት አለው ብሎ የሚተው ሳይክል ነጂ አውቃለሁ፤ ለሁለት ካሜራ ቦታ አለው፣ ለአጎበር ግን የለውም። ባቱና ሐዋሳ ላይ በየአልጋ ቤቱ የሚሰቀለው አጎበር ቀዳዳ ያለው እንደሆነ ምን ሊሆን ነው? የራሴን እይዛለሁ።

ጓዙን በተመለከተ ዋናውን ምክር ያገኘሁት መርካቶ ዕድሜውን ሙሉ ሳይክል ሲጠግን ከኖረ ሽማግሌ ነው። ሳይክሌን ገልብጠው ጎማውን አሽከረከሩት፤ ከዚያ ራጂዎቹን አንድ በአንድ እንደ ክራር ጅማት በጣት እየመቱ አዳመጡ። ድምፁ የላላውን በቁልፍ ሩብ ዙር ያጠብቃሉ፣ መልሰው ይመቱታል፣ ያልፋሉ። ሳይጨርሱ ቀና አላሉም።

«ወዴት ነው አልከኝ?»

«ሞያሌ፣ ጋሼ። ከጎንደር ተነሥቼ።»

«በዚህ ፍሬን?» የዘይቱን ፍሬን በዊንጩ ጫፍ ነካ አደረጉት። «አዲስ አበባ ላይ ያምርብሃል። ያቤሎ ሲያፈስ ማን ይሠራልሃል? በሽቦ ቀይረው፤ ሽቦ እረኛም ያውቀዋል።»

ቀየርኩት። የኋላውን ማርሽ ግን ስቀንስ አልተስማሙም፤ የፊቱን ትንሿን ጥርስ አሳንሰው ለዳገት አቀለሉልኝ። ጎማውን 26 ኢንች እንዲሆን የመከሩኝም እሳቸው ናቸው፤ ቀጭኑና ትልቁ ዓይነት ከትልልቅ ከተሞች ሲወጡ አይገኝም፣ ባለ 26 ግን ሳይክል በሚጠገንበት ሁሉ አለ። የካላማደሪያው የአየር መሙያ ጫፍም የመኪና ዓይነት እንዲሆን አደረግን፤ መንገድ ዳር ያለ ጎሚስታ ሁሉ እንዲነፋው። ፋብሪካ የሚለውን ሳይሆን ጎሚስታው የሚችለውን መያዝ ነው። ሲከፈላቸው «ስትመለስ ካቴናውን አሳየኝ» ብቻ አሉ። ጎበዝ ሜካኒክ ከካቴና ነጂውን ያነባል መሰለኝ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። ሳይክል በአገራችን የልጅ መጫወቻ ወይም የድሃ መጓጓዣ ተደርጎ መቆጠሩ ያናድደኛል። ገረመው ደንቦባ እ.ኤ.አ. በ1956 በሜልቦርን ኦሎምፒክ ኢትዮጵያን ወክሎ በሳይክል ተወዳድሯል። የመቀሌው ጽጋቡ ግርማይ እ.ኤ.አ. በ2016 ቱር ደ ፍራንስን የነዳ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል። ባሕር ዳር ላይ ተማሪውም መምህሩም በሳይክል ሲሄድ ማየት ብርቅ አይደለም። አክስቴ ግን ዕቅዴን ስትሰማ ያለችው «አንተ ልጅ፣ ለአውቶቡስ የሚሆን ብር ጠፍቶብህ ነው?» ነው። ልትሰጠኝ ቦርሳዋን ከፍታ ነበር።

ምግብ አያሳስበኝም፤ ይህ ለሳይክል ነጂ የተመቸ አገር ነው። በየ20 እና 30 ኪሎ ሜትሩ ሽሮ የሚሠራ ቤት አለ፣ ሻይ አለ፣ ዳቦ አለ። ለክፉ ቀን በሶ ይዣለሁ፤ በሃይላንድ ውኃ በጥብጦ መጠጣት ነው፣ ስኳርና ጨው ጣል ከተደረገበት ከውጭ የሚመጣውን ዱቄት አያስመኝም። ማወቅ የሚያስፈልገው ጾሙን ነው። የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ይገባል፤ ከዚያ እስከ ገና ድረስ በደጋው መንገድ ላይ እንቁላልም እርጎም የሚያቀርብ ቤት ማግኘት ፈተና ነው። ምስርና ሽሮ ደጋግሞ መብላት የሚሰለቸው ሰው ቀኑን ይቁጠር። ሐዋሳ ሲደርሱ ዓሣ አለ። ሲዳማ ላይ ቡርሳሜ የሚጋብዝ ከተገኘ፣ ቆጮው ከቅቤው ጋር እስከ ዲላ ድረስ ያነዳል። ቦረና ሲገባ ደግሞ ወተትና ሥጋ ነው፣ ጾም የሚሉት የለም።

የሲዳማና የጌዴኦ መንገድ ላይ ቀስ ብዬ ለመሄድ ወስኛለሁ። ከዲላ ወደ ይርጋ ጨፌ መንገዱ በደጅና በደጅ መካከል የሚያልፍ ይመስላል፤ ከላይ ትልልቅ ዛፍ፣ ከሥሩ እንሰት፣ ከእንሰቱ ሥር ቡና። ይህ የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር እ.ኤ.አ. በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ኅዳር መጨረሻ ቡና የሚለቀምበት ጊዜ ስለሆነ መንገዱ በአይሱዙ ይጨናነቃል፤ እንደዚያም ሆኖ ከዕቅዴ ሁሉ በጉጉት የምጠብቀው ይህን ቁራጭ ነው።

ከሀገረ ማርያም ወዲያ ዛፉ ይሳሳል፣ አፈሩ ይቀላል፣ ኩይሳው ከሰው ቁመት ይበልጣል። ከያቤሎ ሜጋ ወደ 100 ኪሎ ሜትር፣ ከሜጋ ሞያሌም እንዲሁ ወደ 100። አስፋልቱ መልካም ነው፤ ችግሩ ውኃ ነው። በእነዚህ ሁለት ቀናት ቢያንስ ስድስት ሊትር ይዤ ለመነሣት አስቤያለሁ፤ ስድስት ኪሎ ማለት ነው፣ ከድንኳኔ ይከብዳል። አንዳንዱ «ከመንደር ትጠይቃለህ» ይለኛል። አልጠይቅም። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ በተከታታይ አምስት የዝናብ ወቅቶች ከሽፈው ቦረና ከብቱን ቀብሯል። ቱላ የሚሏቸው ጥልቅ ጉድጓዶች አሉ፤ ወጣቶች በመሰላል ላይ ተደርድረው፣ እየዘፈኑ፣ ባልዲ እየተቀባበሉ ለከብቱ ውኃ ያወጣሉ። የማን መንጋ በስንተኛው ቀን እንደሚጠጣ ተራና ሥርዓት አለው። ለመዝናናት የመጣ ሰው እዚያ ተራ ውስጥ ጠርሙስ ይዞ መቆሙ አያምርም። ቢሰጡኝ ይሰጡኛል፤ እንግዳ ውኃ ለምኖ የሚከለከልበት አገር አይደለም። ለዚህ ነው ላለመጠየቅ ይዤ መሄድ ያለብኝ።

ስለ ሰው ካነሣሁ፣ ከካይሮ ተነሥተው ኬፕታውን የሚሄዱ ፈረንጆች ስለ ኢትዮጵያ ሲጽፉ ስለ ተራራው ሁለት መስመር፣ ድንጋይ ስለሚወረውሩ ልጆች ሁለት ገጽ ይጽፋሉ። ውሸት አይደለም፣ ይወረውራሉ። እኔንም የራስ ቁርና የፀሐይ መነጽር አድርጌ ሲያዩኝ «ፈረንጅ! ፈረንጅ!» ብለው ይከተሉኛል፤ አንዳንዱ «ቻይና» ይለኛል። መነጽሩን አውልቆ ቀድሞ «እንዴት ዋላችሁ ጎበዞች» ማለት ግን ነገሩን ይለውጠዋል። ድንጋይ የያዘው ልጅ እጁን ወደ ኋላው ይደብቅና ሳይክሉን ሊገፋ ይመጣል። ሽቅብ ላይ ከሆነ እምቢ አልልም።

ከልጆቹ ይልቅ የሚያሳስበኝ የትልልቆቹ ጉዳይ ነው። ዱሮ መንገደኛ ሲመሽበት አንዱን ደጃፍ አንኳኩቶ «የመሸብኝ የእግዚአብሔር እንግዳ ነኝ» ካለ መደብ ይነጠፍለት፣ እግሩ ይታጠብለት ነበር። አያቶቻችን አገር ያቋረጡት በዚህ ነው። ዛሬ ያው ሰው ያው ደጃፍ ላይ ቢቆም ፀጉረ ልውጥ ይባላል። ገበሬውን አልወቅሰውም፤ ያየውን አይቷል። እኔም ድንኳን ብይዝም ሜዳ ላይ አልተክልም፤ ከመሸ በፊት ከተማ መግባት፣ አልጋ መያዝ፣ መታወቂያና ከመሥሪያ ቤት የተጻፈ ደብዳቤ በላስቲክ ጠቅልሎ መያዝ፣ በየቀኑ ከመነሣት በፊት ሹፌር ፈልጎ «መንገዱ ሰላም ነው?» ብሎ መጠየቅ። የአየር ትንበያ ከስልክ ይገኛል፤ የመንገድ ትንበያ የሚገኘው ከአይሱዙ ሹፌር ነው፣ ትናንት ማታ በዚያ ካለፈው።

የሰሜኑን ግማሽ በተመለከተ ሹፌሮቹ አንድ ዓይነት መልስ ነው የሚሰጡኝ፣ ጥያቄውን ሳልጨርስ። እነሱ ራሳቸው ታጅበው ወይም ተጨንቀው በሚያልፉበት መንገድ ላይ፣ በሰዓት 12 ኪሎ ሜትር እየሄድኩ ጀብዱ እሠራለሁ ብል ስድብ ይሆናል፤ በዚያ ለሚኖረው ሰው ጭምር። ስለዚህ ዕቅዱን ሁለት ቦታ ቆርጬዋለሁ። ከጎንደር እስከ አዲስ አበባ ያለው ገጽ፣ ከደጀን መነሻ ሰዓቱ ጋር፣ ደብተሩ ውስጥ ይቀመጣል። ከአዲስ አበባ ሞያሌ ያለውን ኅዳር አጋማሽ ላይ እጀምራለሁ፤ ሃጋያው ዘንድሮ ከዘገየ ደግሞ ሐዋሳ ላይ እጠብቃለሁ፤ ለዚያ ሦስት የዕረፍት ቀን ይዣለሁ። የደቡቡም መንገድ ቢሆን ከሀገረ ማርያም በፊት ሹፌሮቹን ሳልጠይቅ የማልፈው ቁራጭ አለ፤ መልሱ ካላማረኝ ሳይክሉን አውቶቡስ ጣሪያ ላይ አስጭኜ እስከ ያቤሎ መዝለል ነው። የጭነት ዋጋ ላይ ከረዳቱ ጋር መከራከር ይቀራል።